ከሐዴራ እስከ ገዴራ

«ከሐዴራ እስከ ገዴራ» ይላል የአገሩ ሰው፣
ሥጋውን መሐል አርጎ፣ ዳሩን ለሚልሰው።
እኛ ዳሩ ላይ ነን፣ ከጅማቱ ተራ፤
ገዷ ራቀ ሲሏት አጠሯት፣ ገዴራ።

እኔ እዚህ ከተማ በረዶ ላጊ ነኝ፣
በነሐሴ ሙቀት ካፖርት የለበስኩኝ።
ውጭው አርባ ዲግሪ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
እኔ ጓንት አጥልቄ ውስጥ ስንቀጠቀጥ።
የሆኪ ሜዳችን ዱሮ መጋዘን ነው፣
ብርቱካን ታሽጎ መርከብ የሚጠብቀው፤
ዛሬም አንድ ተጫዋች በደረቱ ወድቆ፣
ብርቱካን ይሸታል ሲነሣ ተፋቆ።
ከዶሮ ቄራ ነው የተገዛው ሞተር፣
ሲነሣ ይቃጣዋል ኩኩሉ ማለት ነገር።

ሊጋችን ሦስተኛው ነው፤ ከሱ ወዲያ የለ፣
ወደ ታች ቢቆፍሩ ሲሚንቶ ነው ያለ።

የሐዴራ በረኛ ጌናዲ ይባላል፣
ደግ ሰው ነው መቼም፣ የመጣን ያስገባል።
ሐዴራ አደራ ስትል ጎሏን ብትጥልበት፣
አደራ በላ ሆነ፤ አሥራ አንድ ገባበት።
ከከተማዋ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ፣
የመብራት ኃይል ጭስ ማውጫ ነው፤ ሌላ ምን አለና ልይ?

አፉላ አለች ደግሞ፣ የሱፍ ፍሬ አገር፣
ደጋፊው ሲቆረጥም ገለባው ሲበተን ከአጥር፤
አምና ያ ገለባ በረዶው ላይ ተጣብቆ፣
የራሷ አጥቂ ቀረ ጥርሱን አስወልቆ።
የዚያን ቡድን ድል እጁ ላይ፣ እግሩም ላይ ፈለግነው፣
አፉ ላይ ተገኘ፤ አፉላ ያልነው ለዚሁ ነው።

የዲሞና ቡድን «ነጭ ድቦች» ይባላል።
ድቡ ከየት መጣ? ግመል ይገባናል።
አሠልጣኙ ፕሮስፔር ሜዳ ቢቸግረው፣
ልምምዱ ከቤቱ፣ ከሳሎኑ ላይ ነው፤
የሚስቱን ወለል በሳሙና አጥቦ፣
ድቦቹን ያንሸራትታል ሶፋውን ሰብስቦ።

ሌላውን ስቦጭቅ የኛን ረስቼ አይደለም፤
እንደኛ የሚሸነፍ ቅርብም ሩቅም የለም።
«መብረቅ» ነው ስማችን፤ ያው ጉርምርምታ ነው፣
ብልጭታው እስካሁን መንገድ ላይ የቀረው።
አምበላችን ናዖር የጥርስ ሐኪም ነው፣
ሐሙስ ያወለቀውን ሰኞ የሚተክለው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ አጎቴን ወሰድኩት፣
«ሥራህ ምንድን ነው?» ቢለኝ፣ «ና እየው» አልኩት።
እንግዳው ነው ስሙ፤ ወገራ ላይ ሳለ፣
በረዶ መላሽ ነበር፣ ደመና እየከለከለ፤
ገብሱ እንዳይመታ ቁና እህል ተቀብሎ፣
ሰማይ ይገሥጽ ነበር «ተመለስ ወዲያ!» ብሎ።
እሱ ዕድሜውን ሙሉ በረዶ ሲያባርር፣
የወንድሙ ልጅ እኔ፣ እንጀራዬ በረዶ ማሳደር!
«ምን?» አለ፣ «ይኼን ክፉ ከፍላችሁ ነው ያመጣችሁት?
በመብራት ቀልባችሁ ቤት ያስቀመጣችሁት?»

ሻይ ሰጥቼ ዝም አልኩ።

አፉላ ዘጠኝ፣ እኛ ባዶ፤ ግማሹ ገና ሳይሞላ፣
በረኛችን ጸሎት ጀመረ ከጎሉ ኋላ።
አጎቴ ብድግ አለ፣ ዱላውን አነሣና፣
ወደ በረዶው አንዳች አለ፣ ከንፈሩን አላወሰና።
ድርግም! መብራት ጠፋ። ኩኩሉው ጸጥ አለ።
የሐዴራው ጭስ ማውጫ ይሁን፣ ወይስ የሱ ድግምት፣
ባለሙያ ቢጠራም እስካሁን አልደረሰበት።
ወዲያው ያ በረዶ ኩሬ መሆን ያዘ፣
አፉላ ቁርጭምጭሚቷ ውኃ ውስጥ ፈዘዘ፤
ፓኳ፣ ያቺ ጥቁር ጎማ፣ ሰጥማ የት እንደገባች፣
ስንዳብስ አመሸን፤ ማለዳ ተገኘች።
ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ ውኃ ነው የወጣው።
«ተሰርዟል!» አለ፣ «አንድ አንድ ነጥብ ውሰዱ!» ሲል፣
ገዴራ ተቃቀፈች። አንድ ነጥብ! የዓመቱ ድል!

አሁን ያ አጎቴ የክለብ ሠራተኛ ነው፣
ዘጠኝ ለባዶ ስንደርስ ብቻ የምንጠራው።
ደሞዙ በዱሮው ልክ፣ ገብስ አንድ ቁና፤
ከሱፐር ገዝተን ብንሰጥ «ይህ ተፈትጓልና
ግማሽ ጨምሩ» አለን።

ቅዳሜ ማታ ግን ሐዴራ ናት። «ዱላህን ቤት ተው» ብየዋለሁ፤
ጌናዲ በር ላይ ካለ፣ እኛም አንድ እናስገባለን፣ አምናለሁ።